የብርቅዬ መነጽርና የእናቷ ስለት

በብርቅዬ የተናደድኩትን ያህል በሰው ተናድጄ አላውቅም። ጓደኛዬ ናት፤ ላሊበላ ውስጥ አንድ ሆቴል አብረን አልጋ እናነጥፋለን። እንግዳ ጠፍቶ ክፍሎቹ ሲዘጉ ባለቤቱ ባዶውን የስብሰባ አዳራሽ ለከተማው የቀስት ውርወራ ክለብ ፈቀደ። ሜዳ ላይ መወርወር አይታሰብም፤ የላስታ ነፋስ ቀስቱን ጠልፎ ገደል ይከተዋል። መጥረጊያ ይዘን ከምንፋጠጥ ብለን እኔና እሷም ተመዘገብን። እኔ የገባሁት ለጨዋታ ነበር። ብርቅዬ ግን ደጋኑን እንደያዘች ሌላ ሰው ሆነች። ክንዷ አይንቀጠቀጥም፣ ትንፋሿ አይቆራረጥም። አሠልጣኛችን ምንይችል እንደሷ ያለ አቋቋም አይቼ አላውቅም ይል ነበር።

ችግሩ ዓይኗ ነው፤ ሩቅ አታይም። አዳራሹ ደግሞ ጨለማ ነው፤ መስኮቶቹ ጠባብ፣ መብራቱ የሚመጣው ሲያሻው። ዒላማው መሀል ያለው ቢጫ ክብ ለእኛ ቁልጭ ብሎ ሲታይ፣ ለእሷ ወጥ ላይ እንደተንሳፈፈ ቅቤ ይዋልላል። ደሴ ሄዳ መነጽር አሠራች። እሱም የራሱ ጣጣ ነበረው። ቀስት የሚወረውር ሰው ፊቱን ወደ ትከሻው ስለሚያዞር፣ የሚያየው በመስታወቱ መሀል ሳይሆን በአፍንጫው በኩል ባለው ጫፍ ነው፤ የመነጽሩ ጠርዝ ልክ ቢጫው ላይ ይጋረድባታል። ጨርቅ አጥፋ አፍንጫዋ ላይ ወሸቀችበት፣ ከጭንቅላቷ በኋላ በክር አሰረችው፣ አጣመመችው፣ አቃናችው። ከመነጽር ጋር ስትነታረክ ከርማ በመጨረሻ ልክ አስገባችው። ከዚያ በኋላ ከመካከላችን የሚደርስባት አልነበረም።

እናቷ እማማ አሰለች ግን መነጽሩን ጠሉት። ያላገባች ልጅ ፊቷ ላይ መስታወት ለጥፋ ስትሄድ ሰው ዕውር ናት ይላል ባይ ናቸው። ነአኩቶ ለአብ ገዳም ወስደው ከዋሻው ጣሪያ በሚንጠባጠበው ጠበል ዓይኗን አሳጠቧት፤ የልጄን ዓይን ካበራህልኝ ጥላ አስገባለሁ ብለውም ተሳሉ። እምነታቸውን አልነቅፍም፤ እኔም ስንቱን ተስዬ ደርሶልኛል። መነጽር አውልቂ ያላት ካህን ግን የለም። ጠበል የቀዱላት አባ ራሳቸው ድርሳን የሚያነቡት የጠርሙስ ቂጥ በሚያህል መነጽር ነው።

ነገሩ የተበላሸው ክለባችን ለከተማው ሰው ትርኢት ያሳየ ዕለት ነው። ተራዋ ሊደርስ ሲል ብርቅዬ መነጽሩን ስትወለውል እጇ ላይ ለሁለት ተሰበረ። ምንይችል ተይው ዛሬ ይቅርብሽ አላት፤ እምቢ አለች። ቢቸግረው ዒላማው አጠገብ ትልቅ የእጅ ባትሪ አበራላት። ቢጫው እንደ ጭጋግም ቢሆን ፈካ አለላት፤ የቀረውን ክንዷ ያውቀዋል። ሦስት ቀስት ወረወረች፣ ሦስቱም ቢጫው ውስጥ ተሰኩ። ባትሪው ለአዳራሹ ጨለማ የበራ ስለመሰለው ልብ ያለው ሰው አልነበረም። እማማ አሰለች ያዩት ልጃቸው ያለ መነጽር፣ ያውም ጨለማ ውስጥ፣ መሀሉን ስትመታ ነው። እልል እያሉ አለቀሱ።

ያኔውኑ እውነቱን ብትናገር አንድ ቀን ተስቆባት ያበቃ ነበር። አልተናገረችም፤ የእናቷን እንባ አይታ አንጀቷ አልችል አላት። በንግሡ ዕለት እማማ አሰለች ባለ ዘርፍ ጥላ አስገቡ፣ በሕዝቡም ፊት ቆመው የልጄ ዓይን በራ ብለው መሰከሩ። ከብልባላ የመጡት ዘመዶቻቸው ሁሉ ብርቅዬን እየሳሙ እንኳን ለዚህ አበቃሽ አሏት። እሷ ጥላው ሥር ቆማ መሬት መሬት ታያለች።

ከዚያ ወዲያ አዲስ መነጽር ብታሠራም የሆቴሉ አንሶላ ሥር ትደብቀዋለች። በር ዘግተን ስናጸዳ ታደርገዋለች፤ ኮቴ ስትሰማ ወደ ኪሷ ትከተዋለች። አዳራሽ የምትገባው በባዶ ዓይን ነው፤ ያያት ሰው ለእናቷ ይነግራላ። ቀስቷ ግድግዳ መታ፣ መጋረጃ ቀደደ። ምንይችል በየቀኑ ባትሪ ይዞ አይቆምላት፣ ውድድር ላይም ባትሪ የለ። ንገሪያቸው ብዬ አፌ እስኪደርቅ ለመንኳት።

"ፀደይ፣ እማየን በሕዝብ ፊት ውሸታም ላድርጋት?" አለችኝ።

ዝም አይነቅዝም ይላል ሰው። የሷ ዝምታ ግን ሲነቅዝ አይቻለሁ፤ ያ ሁሉ የተለፋበት ክንድ ዓይኔ እያየ ተበላሸ።

ለክልሉ ውድድር ከሴቶች አንድ ብቻ ትመረጥ ተባለ። ምንይችል ብርቅዬን ለብቻዋ ጠርቶ፣ መነጽርሽን ካደረግሽ ቦታው ያንቺ ነው፤ ያለዚያ ነጥብ ፈጥሬ አልሰጥሽም አላት። በምርጫው ጠዋት መነጽሩ ኪሷ ውስጥ ነበር፤ እኔው ነኝ ያስያዝኳት። ምን ዋጋ አለው፤ እማማ አሰለች ከሁሉ ቀድመው መጥተው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የብርቅዬ እጅ ወደ ኪሷ ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። ከዚያ ደጋኑን አነሳች። የመጀመሪያው ቀስት ዳር ላይ አረፈ፣ ሁለተኛው ዒላማውን ሳተ። የቀረውን አላየሁም፤ አንገቴን ደፋሁ። ቦታው ለእኔ ደረሰኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ደጋኑን ሰብሬ ብሄድ ብዬ ተመኘሁ።

ዳገቱን ሦስታችን አብረን ወጣን። እማማ አሰለች ስለ ምሳ፣ ስለ ገበያ፣ ስለማይሆን ነገር ያወሩ ነበር። ብርቅዬ መሀል መንገድ ላይ ቆመች።

"እማየ፣ ዓይኔ አልበራም" አለች። "ያን ጊዜም አላይም ነበር።"

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። ነጠላቸውን አስተካከሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"አውቃለሁ። ጥላውን አስገብቸ ብዙም ሳልቆይ፣ ከገበያ ስመለስ ተገናኘን። ሳትለይኝ እንደ ሰው እናት ጎንበስ ብለሽ፣ እንደምን ዋሉ ብለሽኝ አለፍሽ።"

ብርቅዬ አፏን በእጇ ያዘች። "ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?" አለች።

"መስክሬ ነበራ፣ ልጀ። አፌ አልታዘዝ አለኝ። አንች ትነግሪኛለሽ ብየ ስጠብቅ ከረምሁ።"

የማንኛቸውን አንገት እንደማንቅ ግራ ገብቶኝ መሀላቸው ቆምኩ። ብርቅዬ መነጽሩን ከኪሷ አወጣችና ሰው ሁሉ እያያት እዚያው መንገድ ላይ አደረገችው። እናቷም አላወለቁባት። ምርጫው ግን አልቋል።