ከኩሽና የሚቆጠሩ በሮች

ባለቁልፉ ቁልፍ የሚፈልገው በጣቱ ነው፤ በዓይኑ ሲፈልግ አይቼው አላውቅም። ከእርሻው መሀል በቆመው የባለርስቶች ቤት ሠላሳ አንድ በር አለ፤ የሠላሳ አንዱም ቁልፍ ከወገቡ በተንጠለጠለ ቀለበት ላይ ነው። ከሰው ጋር እያወራ ጣቶቹን ያርመሰምሳል፣ አንዱን ይመዛል፣ በሩ ይከፈታል። ተሳስቶ ሁለተኛ ሲሞክር ያየው የለም።

ባለቤቶቹ ካለቁ በኋላ ቤቱ ለሕዝብ ተከፍቶ፣ ሐሙስ ሐሙስ በምሳ ሰዓት ስለ አካባቢው ቅርስ ንግግር ይደረግበታል። የፈረስ ጋጣ በነበረው አዳራሽ አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል፤ ሰው ዳቦውን በወረቀት ጠቅልሎ ይመጣና እየበላ ያዳምጣል። ልጄ በር ላይ ትኬት ስለምትቆርጥ እኔ በነፃ እገባለሁ። አንዴ ስለ ውሃ ቦይ፣ አንዴ ስለ ጡብ፣ አንዴ ስለ ፖም ዛፍ ይወራል። ልጄ «እማዬ፣ አንቺ ሳትሰሚ የቀረሽው ስለ ጋጣው ቁንጫ ብቻ ነው» ትለኛለች።

ከንግግሩ በኋላ አስጎብኚዋ ሰውን ይዛ ወደ ቤቱ ስትገባ ባለቁልፉ ከፊት ከፊት እየከፈተ ይሄዳል። አንድ ሐሙስ ቤተ መጻሕፍቱን ሲከፍት አጠገቡ ነበርኩ። ቁልፉ ላይ የታሰረችውን የካርቶን መለያ እንደ ልማዴ ፊደል በፊደል አነበብኳት። «ዱቄት ቤት» ትላለች። ማንበብ የተማርኩት ከልጅ ልጄ ጋር ነውና ስህተቱን ለራሴ ሰጠሁት። ነገሩ ግን ከነከነኝ። በሚቀጥለው ሐሙስ የምግብ አዳራሹ «የሰገነት ጓዳ» በሚል ቁልፍ ተከፈተ። በሦስተኛው ሐሙስ «መታጠቢያ ቤት» የሚለው የሙዚቃውን ክፍል ከፈተ። ያን ጊዜ ዓይኔ ደህና እንደሆነ ገባኝ።

የዚያን ዕለት ጉብኝቱ ሲያበቃ አስጎብኚዋ እንዲህ አለች፦ «ጋሼ በዚህ ወር መጨረሻ ጡረታ ይወጣሉ፤ ስለዚህ የሚቀጥለው ንግግር ስለ ቤቱ በሮች ነው። አንዳንድ ቁልፍ ትወስዱና መለያውን አንብባችሁ በሩን ራሳችሁ ትከፍታላችሁ።» ሰዉ ደስ አለው። ባለቁልፉ ቀለበቱን በሁለት እጁ ጨብጦ ያዘ።

ሰው ሲበተን ተከትዬው ሄጄ ኩሽና ደረጃ ላይ ደረስኩበት።

«ወንድሜ፣ እነዚህን ወረቀቶች ማን አሰራቸው?»

«እኔ ነኛ። አስጎብኚዋ የዛሬ ሦስት ዓመት ጽፋ ሰጠችኝ፣ አሰርኩ።»

«አንብበህ?»

«መነጽሬ ቤት ቀርቶ ነበር፣ እማማ።»

«የእኔም አርባ ዓመት ቤት ቀርቶ ነበር፤ መነጽር ግን ኖሮኝ አያውቅም።»

ሳቀ፤ ሳቁ ሳያልቅ ፊቱ ጠቆረ። እናቱ በዚህ ኩሽና ድስት አጣቢ ነበረች። በስምንት ዓመቱ ከእሷ ጋር ገብቶ፣ ቁልፍ ይይዝ ከነበረው ሽማግሌ ሥር አደገ። ትምህርት ቤት ያየው ከውጭ ነው።

«ሐሙስ ጉዴ ሊወጣ ነው» አለ። «አንቱ ተብዬ ኖሬ፣ መውጫዬ ላይ መሳቂያ ልሆን።»

አንጀቴን በላኝ። «እስከ ሐሙስ ጊዜ አለን። አንተ የበሩን ስም ንገረኝ፣ እኔ ወረቀቱን ፈልጌ አስራለሁ። የምናውቀው እኔና አንተ ብቻ እንሆናለን።»

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ወረቀቶቹን በሙሉ ፈትተን ደረጃው ላይ ተቀመጥን። እሱ ቁልፉን ሳያይ ዳሶ ስሙን ይናገራል፤ እኔ ጭኔ ላይ ከተከመረው ካርቶን እፈልጋለሁ። ስዘገይበት «እማማ፣ ወረቀቷ እስክታረጅ አይጠብቋት» ይለኛል። ስድስተኛው ላይ ስንደርስ የቁልፉን ራስ ጠጋ ብዬ አየሁት። በሞረድ የተፋቁ ጭረቶች አሉበት።

«ይሄ ምንድነው?»

«ስሙ ነዋ። በዚህ በኩል ያለው ፎቁን፣ በዚያ በኩል ያለው በሩን ይናገራል። ሦስት ጭረት ሦስተኛው በር ነው።»

«ከየት ሲቆጠር?»

«ከዚህ፣ ከኩሽና ደረጃ።»

«አስጎብኚዋ እኮ ክፍሎቹን የምትቆጥረው ከዋናው በር ነው።»

«እኛን በዋናው በር ማን አስገብቶን፣ እማማ? ቤቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው።»

እጄ ላይ ያለውን ወረቀት ረሳሁት። ስንት ሐሙስ ተቀምጬ ይህን የነገረኝ የለም። ጭረቱን ማን ጀመረው፣ በር ሲደፈን ቁልፉ ምን ይሆናል እያልኩ አደረቅሁት። ያሳደገው ሽማግሌ ከእሱ በፊት ከነበረው ባለቁልፍ ተቀብሎታል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አያውቅም።

«ሐሙስ ይህንን ንገራቸው» አልኩት።

«ይህን ከነገርኩ ያኛውም ይወጣል። ዝም ብለው ይሰሩልኝ።»

አሰርኩለት። ሠላሳ አንዱም ቦታ ቦታውን ያዘ።

ሐሙስ አዳራሹ ሞላ። አስጎብኚዋ ቀለበቱን ከፍ አድርጋ ይዛ ስለ ብረቱ ዓይነትና ስለ ጓጉንቸሩ አሠራር አወራች። «እነዚህ ጭረቶች የአንጥረኛው ምልክት ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ስንተኛ ሥራው እንደሆነ የቆጠረባቸው ናቸው» አለችና ወደ ሌላ አለፈች። ባለቁልፉን አየሁት። መንጋጋው እንደሚያኝክ ሰው ይንቀሳቀሳል፤ አፉ ውስጥ ግን ዳቦ የለም። ዝም ቢል የሚነቃበት አልነበረም።

«እንደሱ አይደለም፣ ልጄ» አለ።

ተነሥቶ ሁሉንም ነገራቸው፤ ፎቁን፣ በሩን፣ ከኩሽና ደረጃ መቆጠሩን። ከአዳራሹ ዳቦውን የሚያኝክ ሰው ጠፋ። ፊት የተቀመጠ አንድ ጡረተኛ መምህር እጁን አወጣ።

«መለያ ወረቀት ታስሮ ሳለ በጣት መዳሰሱ ለምን አስፈለገ?»

የፈራው ይህችኑ ነበር። ወደ እኔ ዞር አለ፤ ከዚያ ወደ መምህሩ።

«ማንበብ አልችልም» አለ። «ወረቀቶቹን እጄ እንደመጣለት አስሬያቸው ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ቤተ መጻሕፍቱ ዱቄት ቤት፣ የሙዚቃው ክፍል መታጠቢያ ቤት ሆኖ ኖሯል። በዚህ ሳምንት ነው እኚህ እናት ያቀኑልኝ።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። አስጎብኚዋ አልሳቀችም። «ጽፌ ሰጥቼዎት ሳልጠይቅ የሄድኩት እኔ ነኝ» አለች። ከዚያ መቀስ አንሥታ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ከየቁልፉ ቆረጠች። ያን ሁሉ ቋጠሮ የቋጠረች ጣቴ አዘነች። «እንግዲህ ወረቀት የለም» አለች ለሰዉ፤ «ጋሼ፣ ከየት እንጀምር?»

ያ ሁሉ ሰው ቁልፍ እየዳሰሰ በኩሽና ደረጃ ወጣ። መምህሩ የቤተ መጻሕፍቱ በር ነው ብሎ የአንሶላ ማስቀመጫውን ከፈተ።

አሁን የቤቱ ጽዳት ሠራተኛ የነበረች ሴት ቦታውን ልትረከብ ትማራለች፤ እሷ እስክትለምድ እሱም እንዲቆይ ተለምኖ ቆይቷል። ባለፈው ሐሙስ አየኋቸው። ዓይኗን ጨፍና አንዱን ቁልፍ ዳሰሰች፣ «አራት» አለች፣ ወደ አምስተኛው በር ሄደች። እሱ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ያያታል። ልነግራት አፌን ስከፍት እጄን ያዝ አደረገኝ።

«ይተዉአት፣ እማማ። በሩ ራሱ ይነግራታል።»