አውሮፕላን ሜዳ ላይ የተጠና ፈተና

ይህ የደረሰብኝ ጂንካ ከተማ መሀል፣ ሣር ላይ አውሮፕላን ያርፍ በነበረበት ዘመን ነው። ብዙ ዓመት ቢያልፈውም ዛሬም ከላይ የሞተር ድምፅ ስሰማ ቆሜ ዙሪያዬን አያለሁ።

በፋርማሲ ተመርቄ ከአርባ ምንጭ የመጣሁት አንድ የግል መድኃኒት ቤት ስለቀጠረኝ ነበር። ባለቤቱ ጋሽ ታደሰ ሰው አክባሪ ናቸው፤ በሥራ ግን ቀልድ አያውቁም። «የብቃት ምዘናውን ካለፍሽ ትቀጥያለሽ። ከወደቅሽ ግን ልጄ፣ እኔም ላንቺ ብዬ ፈቃዴን አላስቀማም» አሉኝ። እኔ ደግሞ ሥራ አገኘሁ ብዬ ቤተሰቡን ሁሉ አስጨፍሬ ነው የመጣሁት። ወድቄ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ስመለስ እየታየኝ ፍርሃት ሊገድለኝ ደረሰ።

ማጥኛ ሰዓት ከየት ይምጣ? ጠዋት የገባሁ ማታ ነው የምወጣው። ቤት ስደርስ መጽሐፉን እንደገለጥኩ ድፍት እላለሁ። የቀረችኝ የምሳ ሰዓት ነበረች። ያገኘሁትን ጎራርሼ አውሮፕላን ሜዳው ላይ ወዲያ ወዲህ እያልኩ እሸመድዳለሁ። ከተቀመጥኩማ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ያኔ ሜዳው የሁሉም ነበር። ከብት ይግጥበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ገበያተኛ ያቋርጠዋል። አውሮፕላን ሲመጣ ዘበኞቹ ፊሽካ ይነፋሉ፤ ሰውም ከብትም ዳር ይወጣል።

ያን ቀን የበረራ ቀን አልነበረም። የልጆቹ ጫጫታ ሲያስቸግረኝ ከመድኃኒት ቤት የያዝኩትን ጥጥ ሁለቱም ጆሮዬ ውስጥ ጠቀጠቅኩና የሕፃናት መድኃኒት መጠን ማነብነብ ጀመርኩ። ላሞች በአጠገቤ ሲሮጡ አይቻለሁ። ልጆቹም ድንገት ጠፉ። «እሰይ፣ ተገላገልኩ» አልኩ እንጂ ለምን ብዬ አልጠየቅኩም።

በድንገት አንዲት የማላውቃት ሴት ክንዴን ጨመደደች። አፏ ይንቀሳቀሳል፤ የምትለው ግን አይሰማኝም። በዚያ የሚያልፉ ሙዝ ሻጮች እየጎተቱ «ግዢን» ስለሚሉኝ ይቺም እንደዚያ መሰለችኝ። «ልቀቂኝ፣ ጊዜ የለኝም!» ብዬ ጮህኩባት። አልለቀቀችም። እኔ ወደ መሀል፣ እሷ ወደ ዳር ስንጓተት ቆየንና ወገቤን አንቃ ይዛኝ ወደቀች።

መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ቀና ስል የአውሮፕላኑ ጎማ ቅድም የቆምኩበትን ሣር እየደፈጠጠ አለፈ። ቱሪስት ጭኖ በኪራይ የመጣ ቻርተር ነበር። ነፋሱ ማስታወሻዬን ገጽ በገጽ በተነው።

ጥጡን ጆሮዬ ውስጥ ስታይ መዝዛ ጣለችውና በጥፊ አጮለችኝ።

«አንቺ ልጅ! እናት የለሽም?»

«ፈተና አለብኝ» አልኳት።

«ፈተና ምንድነው? ሬሳሽ ይዘን ለእናትሽ እንውሰድ?» አለችኝና አቅፋኝ አለቀሰች። የአካባቢው የአሪ ሴት ናት፤ የተሸከመችው ሙዝ ሜዳው ላይ ተበትኖ ቀርቷል። ስሟን እንኳን ሳልጠይቃት ሰው ከቦን ተለያየን።

ምዘናውን አለፍኩ፤ አሁንም ጂንካ ነኝ። ይህን የነገርኳቸው ሁሉ አውሮፕላኑ እንዴት እንዳስፈራኝ ይጠይቁኛል። አውሮፕላኑንማ ያየሁት ከወደቅን በኋላ ነው። እስከ ዛሬ የሚያባንነኝ የእሷ እጅ ነው። ለማስለቀቅ ባለ በሌለ ኃይሌ ታግያለሁ። ጉልበቷ ትንሽ ቢያንስ ኖሮ አሸንፋት ነበር።