የጋሽ ታደሰ በረንዳና የምስል መጽሐፉ

ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ከተዘጉ ዓመት አልፏቸው ነበር። ልጄ ሐያት ካምፓላ፣ ካባላጋላ ሰፈር ባለችው ሱቃችን ውስጥ ስልክ ላይ አፍጥጣ መዋሏ ቢያሳስበኝ፣ አንድ ቀን ናካሴሮ ገበያ አጠገብ አሮጌ መጻሕፍት መንገድ ዳር ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰው ፊት ቆምኩና የየአገሩ ልጆች በየልብሳቸው የተሳሉበት የምስል መጽሐፍ አነሳሁ። ገለጥ ሳደርገው እርጥበት የነካው ወረቀትና የሙጫ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ቦዳ የሚባሉት የኪራይ ሞተረኞች ከኋላዬ ጥሩምባቸውን ያንጫርራሉ፤ እኔ ግን ጅማ ደርሻለሁ።

ጋሽ ታደሰ ልጅ ሳለሁ ጅማ ጎረቤታችን የነበሩ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ክረምት ገብቶ ትምህርት ሲዘጋ፣ የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር፣ የሰፈሩን ልጆች በረንዳቸው ላይ ሰብስበው አንድ የውጭ አገር መምህር ትቶላቸው የሄደውን ትልቅ የምስል መጽሐፍ ያሳዩን ነበር። የተጻፈበትን ቋንቋ እሳቸውም ስለማያውቁት ታሪኩን የሚያወጡት ከራሳቸው ነው። እጁ ንጹሕ የሆነ ፊት ይቀመጣል ስላሉ፣ አብዱ የሚባለው ልጅ የሳሙናው አረፋ ከክንዱ ሳይለቅ እያንጠባጠበ ይመጣል። በረዶ ላይ የቆመችውን ልጅ ስናይ አገሩ ሁሉ ጨው መስሎን ቀንተንባታል። በምስል የሚስቅ ካለ ግን መጽሐፉን ከደን ያደርጉና “እሷስ አንተን ብታይ በምን ትስቅ ነበር?” ይሉታል፤ መልስ እስኪያገኝ ድረስ ገጽ አይገለጥም። አንዴ አብዱ ብዙ አስቦ “በጆሮዬ” ያለ ጊዜ፣ ጆሮው ትልቅ መሆኑን ሁላችንም ያየነው ያኔ ነው።

አንድ ክረምት ከጋምቤላ የመጣ ቤተሰብ ሰፈራችን ቤት ተከራየ። አባትየው ሆስፒታል የተመደቡ ነርስ ነበሩ፤ በጣም ረጅም፣ ግንባራቸውን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጡ መስመሮች ያሉባቸው። ነብር ቧጭሯቸው ነው ተባለ። ልጃቸው ኛሩዋች በረንዳው ጫፍ ላይ ትቀመጥና አንዲት ቃል ሳትናገር ትሄዳለች። አንድ ቀን አባቷ ሊወስዷት ብቅ ሲሉ ልጆቹ ተበታተኑ፤ አብዱም አግዳሚው ወንበር ሥር ገባ። ኛሩዋች አንገቷን ደፍታ ከአባቷ ጋር ሄደች፤ ከዚያም ቀረች።

ጋሽ ታደሰ አልተቆጡንም። በሦስተኛው ቀን ዝናቡ ሲያባራ ተነስተው ሄዱና አባትና ልጅን ይዘው ተመለሱ። ከጎናቸው አስቀምጠዋቸው መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ቢያገላብጡ የእነሱን ሰዎች የሚያሳይ ገጽ አጡ። ልጆቹ ስለ ግንባርዎ ማወቅ ይፈልጋሉ ብለው እንግዳቸውን በትሕትና ጠየቋቸው።

“ልጅነት ሲያልቅ ግንባር በቢላ ይበጣል፤ ይሄ ሰው መሆኔን ያሳያል” አሉ የኛሩዋች አባት፣ አማርኛቸውን እየመረጡ። “እዚህ ልጆች ይሄን አይተው ይሸሻሉ። እኛ አገር ግን ይሄ የሌለውን ገና ልጅ ነህ ይሉታል።”

አብዱ አንገቱን አሰገገና “አሞዎት ነበር?” አላቸው።

“በጣም። ግን አላለቀስኩም።”

ጋሽ ታደሰ ነጭ ወረቀትና እርሳስ ሰጧቸው። አባትየውም ቀንዱ የተቆለመመ በሬ፣ ከፊቱም የሚዘፍን ጎረምሳ ሳሉ። ኛሩዋች አፏን የፈታችው ያኔ ነው፤ ጎረምሳው አባቷ እንደሆኑ፣ ጓደኞቻቸውም በዚያ በሬ ስም ይጠሯቸው እንደነበር ነገረችን። ሥዕሉ መጽሐፉ መጨረሻ ላይ በዱቄት ሙጫ ተለጠፈ። ከማግስቱ ጀምሮ ሁላችንም የከብት ስም ካልወጣልን ብለን ሰፈሩን አመስነው። ለእኔ የደረሰችኝ የወተት ባልዲ በመገልበጥ የታወቀችው የጎረቤት ላም ቡሬ ነበረች፤ ክረምቱን ሙሉ ኛሩዋች ከአጥር ውጭ ቆማ “ቡሬ!” ስትል እየሮጥኩ እወጣ ነበር። ብዙም ሳይቆዩ አባቷ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወሩ። እስከ ዛሬ ካምፓላ ታክሲ ውስጥ እሷን የምትመስል ሴት ስትገባ ሳላስበው ፊቷን አያለሁ።

ጋሽ ታደሰ ያረፉት ኮሮና በገባበት ዓመት፣ ኤርፖርቱ ተዘግቶ ሳለ ነው፤ ለቅሶ መድረስ አልቻልኩም። መጽሐፉን ለሐያት ገዝቼ በገባሁበት ቀን ለልጃቸው ለሳሮን ደወልኩላት። ቤቱ ተሸጦ በረንዳው ፈርሷል አለችኝ፤ ፎቅ እየተሠራበት ነው። ስለ መጽሐፉ ስጠይቃት “የምን መጽሐፍ?” አለች።

ሳሮን የተወለደችው እኛ ከተበታተንን በኋላ ነው። እሷ የምታውቃቸው አባት የጉሮሮ ሕመም ዝም ያሰኛቸው፣ ቀኑን ሬዲዮ ሥር የሚያሳልፉ ሰው ናቸው። ስለዚህ ይህን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት።

“ያኔ የአባዬ ድምፅ እንዴት ነበር?” አለችኝ በመጨረሻ። “እኔ ነፍስ ሳውቅ ተዘግቶ ነበር።”

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። የተናገሩትን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፤ ድምፃቸውን ግን ፈልጌ አጣሁት።