በዓሳ ገንዳው ውስጥ የተንጠለጠለው ሥር

ትናንት ከሰዓት በሰው ቤት፣ በሰው ዓሳ ላይ ጠበል ሳፈስ ተያዝኩ... ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

የምንኖረው መካነ ሰላም ነው፤ እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜ ጌታቸው እና እኔ። ግቢያችን ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ከቤሩት ለተመለሰች ትርንጎ ለምትባል ልጅ አከራይተናታል። ጨዋ ናት። ድምጿ አይሰማም፤ ግቢውን ማንም ሳይጠይቃት ትጠርጋለች። እኔ ደግሞ ጨዋ ሰው ያስፈራኛል። ይህን ያህል ጥሩ የሆነ ሰው የሚደብቀው ነገር አያጣም ባይ ነኝ።

ከደሴ በሚኒባስ ጭኗ ላይ አድርጋ ያመጣችው የመስታወት ገንዳ አላት። ዓሳ ታረባበታለች። ቤሩት የአሠሪዎቿን ዓሳ ስትንከባከብ ነው የለመደችው አሉ። እሱንስ ይሁን ብለን ነበር።

ጣጣው የመጣው ሥሩ ሲመጣ ነው።

አንድ ቀን በሯ ላይ ቆሜ ሳይ፣ ገንዳው አፍ ላይ የሆነ ቀይ ነገር በስንጥር ተወግቶ ተቀምጧል። ከታቹ ነጫጭ ሥሮች እንደ አሮጊት ፀጉር ውሃው ውስጥ ተንጠልጥለዋል፤ ዓሳዎቹ በመሃላቸው ይሽሎከሎካሉ። ከላይ ደግሞ ሐረግ ወጥቶ፣ በክር እየታሰረ፣ መስኮቱን ዞሮታል። አፈር የሚባል ነገር የለም።

«ይሄ ምንድን ነው ትርንጎ?»

«ስኳር ድንች ነው እኮ። አብሽሪ፣ አይነካሽም!» ብላ ሳቀች። «ሥሩ የዓሳውን ቆሻሻ እየበላ ውሃውን ያጠራልኛል።»

እኔ አልሳቅኩም። ስኳር ድንች ከቆላ መጥቶ ገበያ ላይ ሲሸጥ አውቃለሁ እንጂ እዚህ ደጋ ላይ ሲበቅል አላየሁም፤ ቅጠሉንም አላውቀው። ደግሞስ የሚተክል ሰው መሬት ላይ ይተክላል እንጂ ዓሳ ላይ ይተክላል? ሥር ውሃ ውስጥ የሚዘፈዝፍ ሰው ለምን እንደሚዘፈዝፍ እኛ ሀገር ሁሉም ያውቃል።

ከዚያ ወንድሜን ማስተዋል ጀመርኩ። እማዬ ወረኢሉ ያየችለት ልጅ አለች። ሽማግሌ እንላክ በተባለ ቁጥር «ትንሽ ይቆይ» ይላል። ከሥራ ሲመለስ ቤት ሳይገባ ትርንጎ መስኮት ጋ ሄዶ ይቆማል። ዓሳ ያያል! ዕድሜውን ሙሉ ዓሳ ሳህን ላይ እንኳ አይቶ የማያውቅ ሰው! ስሙን ደጋግሜ ካልጠራሁት አይሰማኝም። አፍዝ አደንግዝ ማለት ሌላ ምን ሊሆን ነው? ወንድሜን እያየሁት ልነጠቅ ነው ብዬ፣ አልዋሽም፣ አልቅሻለሁ።

ለእማዬ አልነገርኳትም። ትደነግጥብኛለች ብዬ ፈራሁ።

እና ትናንት ትርንጎ ገበያ ስትወጣ፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ የቀዳሁትን ጠበል ይዤ ገባሁ። «በስመ አብ» ብዬ ሥሩ ላይ አፈሰስኩት። ዓሳዎቹ ወደ ላይ መጥተው አፋቸውን እየከፈቱ አዩኝ። እኔም አየኋቸው። ሰይጣኑ ይጮሃል ብዬ ጠበቅኩ... ምንም።

ጠርሙሱን አጋምሼ ዞር ስል ትርንጎ በሩ ላይ ቆማለች። ዘንቢሏን ረስታ ተመልሳ ነው።

ጠርሙሱን ከኋላዬ ደበቅኩት። የእሷ ፊት ግን በራ።

«ዛሬ ደግሞ አንቺ ነሽ? እማማ አሟቸው ነው?»

«የቷ እማማ?»

«እናትሽ ናቸዋ! ጠዋት ጠዋት ከቤት ስወጣ ጠብቀው ገብተው ውሃ ይጨምሩልኛል። ያፍራሉ ብዬ ያላየሁ መሰልኩ እንጂ፣ ወላሂ ስመርቃቸው ነው የምውለው። የቧንቧው ውሃ መድኃኒት አለው መሰለኝ ዓሳዎቼን ይፈጅብኝ ነበር። እሳቸው ከጀመሩ ወዲህ አንድም አልሞተብኝ። ድንቹም እንዲህ መስኮቱን የሞላው ያኔ ነው!»

«ድንቹን... ከየት ነው ያመጣሽው?» አልኩ።

አቀረቀረች።

«ጌታቸው ነው ከገበያ ያመጣልኝ። ቀቅለሽ ብዪ ብሎኝ ነበር... ለመብላት ሳሳሁለት።»

እግሬን እየጎተትኩ ወደ ቤት ገባሁ። እማዬ ሰፌድ ይዛ ምስር ትለቅማለች።

«አንቺም ጠርጥረሻት ነበር?» አልኳት።

ቀና እንኳ አላለችም። «ሥሩን ያየሁ ዕለት ነው የጠረጠርኩት። አንቺ ትደነግጫለሽ ብዬ ዝም አልኩ።»

«ታዲያ አሁንስ?»

«አሁንማ ይሄን ሁሉ ጊዜ ጠበል ፈስሶበት ልጁ ከመስኮቱ አልነቀል ካለ፣ መተት አይደለም ማለት ነው።» ከምስሩ ውስጥ ጠጠር አንስታ ወረወረች። «ወዷት ነው ልጄ።»

ደስ አለኝ፣ አፈርኩም፤ የቱ እንደበለጠብኝ አላውቅም። ማታ ጌታቸው ሲመጣ እማዬ ራሷ የትርንጎ አባት ቤት ኩታበር ከተማ ውስጥ የትኛው ሰፈር እንደሆነ ጠየቀችው። ጆሮው ድረስ ቀላ። በአንድ ጥሪ የሰማው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እሁድ ሽማግሌ ይላካል። የቀረችውን ግማሽ ጠርሙስ ግን ዛሬ ጠዋት ገንዳው ውስጥ ጨመርኳት... ለማንኛውም።