ፊሽካው የማን ነበር

የሥራዬ የመጀመሪያ ቀን የጀመረው በቀልድ ነው፤ ቀልደኛው ግን እኔ አልነበርኩም። ከደብረ ብርሃን በአውቶቡስ ተንገጫግጬ መሐል ሜዳ ስወርድ በአንድ እጄ ሻንጣ፣ በሌላው አንዲት የቅርጫት ኳስ፣ በአንገቴ ደግሞ ፊሽካ ነበር። የአውራጃው የስፖርት ኃላፊ አቶ ሽፈራው ቢሯቸው በር ላይ ተቀበሉኝ። የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ሆኜ መመደቤን ነገርኳቸውና ሜዳው የት እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«መሐል ሜዳ ነው ያለኸው» አሉኝ።

«እሱማ የከተማው ስም ነው። የመጫወቻ ሜዳውን ማለቴ ነው።»

«ስሙን አግኝተናል፤ ሜዳውን አንተ ትሠራዋለህ» አሉና ከበሩ ኋላ አካፋ አውጥተው ሰጡኝ። ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። አካፋው የምር ነበር።

ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለውን መሬት ከተማሪዎች ጋር ደልድለን፣ ውኃ አርከፍክፈን ደበደብነው። መስመሩን በአመድ አሰመርን። ምሰሶው ባሕር ዛፍ ነው። ሰሌዳው የፈረሰ መጋዘን በር ነበር። የሁለቱንም ወገን ቀለበት አንጥረኛ ከቤት መሥሪያ ፌሮ አጥፎ ሠራልን። ቁመቱን ሦስት ሜትር ከአምስት ሳንቲም ለክቼ አስቸነከርኩ። በዚህ ድርድር አላውቅም፤ ድሃ መሆን የቀለበቱን ቁመት አይቀንስም።

የጎደለው መረብ ነበር። መረብ የሌለው ቅርጫት ዳኛን ያስረግማል፤ ኳሷ በውስጥ ትለፍ በውጭ ከሩቅ አይለይም። ሰዎች ባና ሠሪውን ጋሽ ዘነበን ጠቆሙኝ። ጋሽ ዘነበ የበግ ጠጉር እየገመዱ ብርድ ልብስ ሲሠሩ ያረጁ ሰው ናቸው። የምፈልገውን በጣቴ አየር ላይ ሳልኩላቸው።

«ከታች ክፍት ይሁን?» አሉኝ።

«አዎ፣ ኳሷ እንድታልፍ።»

«ታዲያ ምኑን ቅርጫት ሆነ? ለሚያልፍ ነገር ይህን ያህል መድከም!»

ሠሩልኝ። ግን ልባቸው አልፈቀደላቸውምና ከታች አጠበቡት። መረቡን ሊሰቅል የመጣው ልጃቸው እሸቴ ነበር። ሌላው ሰው መሰላል ሲፈልግ እሱ በርጩማ ላይ ቆሞ አሰረው። ያን ቀን ሌላ ተጫዋች ባላገኝም አይቆጨኝም ነበር።

እሸቴ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያደገ ዲያቆን ነው። ወደ ዘመናዊው ትምህርት ዘግይቶ ስለገባ ከክፍሉ ልጆች በዕድሜም በቁመትም ይበልጥ ነበር። እኔን «የኔታ» ይለኛል። «አሰልጣኝ በለኝ» እለዋለሁ። «እሺ፣ የኔታ» ይለኛል።

እንግዲህ ዘመኑን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በደርግ ጊዜ ነው፤ የሰሜኑ ጦርነት ወጣት ይበላ ነበር። ለየቀበሌው የብሔራዊ ውትድርና ኮታ ይወርዳል። ኮታው ሲጎድል አፈሳ ይሆናል፤ ከገበያም ከሠርግም ልጅ ይለቀማል። አቶ ሽፈራው ግን ተጫዋቾቹን ሰብስበው «ቡድኑ ውድድር ላይ እስካለ ድረስ የሚነካችሁ የለም» አሏቸው። ከዚያ በኋላ ልምምድ የሚቀር ጠፋ። ዝናብ ቢወርድ፣ ውርጭ ቢመታ፣ ይመጣሉ። እኔም ሞኝ አልነበርኩም፤ የሚሮጡት ከኳስ ኋላ ብቻ እንዳልሆነ አውቅ ነበር።

ጋሽ ዘነበም አንድ ቀን ልምምድ ላይ መጡ። በርኖሳቸውን ጠቅለል አድርገው እስክንጨርስ ቆሙ።

«ልጄ፣ እኔ ይህን ጨዋታችሁን አላውቀውም» አሉኝ። «ያለኝ እሱ አንድ ነው። እንዲያው ሜዳው ላይ አቆይልኝ።»

«አቆይልዎታለሁ» አልኳቸው። ከልቤ ነው ያልኩት።

በልምምድ ከሁሉ ያስቸገረኝ አንድ ሕግ ነበር። በዚያን ጊዜ ደንብ ፋውል የሠራ ተጫዋች ፊሽካ ሲነፋ እጁን ቀጥ አድርጎ ማውጣት አለበት። ዳኛው የማሊያ ቁጥሩን አይቶ ለነጥብ መዝጋቢው እስኪነግር ድረስም አያወርድም። ለእኛ ልጆች ይህ ነገር መራራ ነበር። በስብሰባ እጅ የሚወጣው ለመደገፍ ነው፤ ጥፋትን ለማመን እጅ ማውጣትን ማን ለምዶ! ክርን ሰክተው ጓደኛቸውን ያስለቅሱና ሰማይ ሰማይ ያያሉ። እጁን ያላወጣውን ሜዳውን አዞረዋለሁ።

እሸቴ ግን ከመጀመሪያው ቀን ያዘው። እንደ ንስሐ ነው የቆጠረው። ፊሽካ ሲሰማ ዞሮ ዳኛውን እንኳ አያይም፤ ነክቶ ከሆነ ያቺ ረጅም እጅ ወዲያው ሽቅብ ናት። «እሸቴ፣ ስንት ስግደት ታዘዝክ?» እያሉ ይስቁበት ነበር። እኔ ደግሞ ለሌሎቹ ምሳሌ አደርገው ነበር።

የውድድሩ ወቅት የተከፈተው በመርሐ ቤቴ ነው። በጭነት መኪና ዞረን ዓለም ከተማ ስንወርድ ልጆቹ ሙቀቱን ማመን አቃታቸው። ኳሷን መሐል ሜዳ ላይ በብስክሌት መንፊያ ነፍቼ ነበር። መንገዱን ሙሉ አየር ስታስተነፍስ ቆይታ ቆላ ስትደርስ ሟሸሸች። መሬት ስትመታ እንደ ሊጥ ዘፍ ትላለች። የመንፊያዋ መርፌ መንገድ ላይ ተሰብራለች፣ የባለሜዳዎቹ ኳስ ደግሞ ቀዳዳ ነው። እነሱ በለሰለሰ ኳስ መጫወት ለምደዋል፤ ማንጠሩን ትተው ይቀባበላሉ። የእኛዎቹ ጎንበስ ብለው ኳስ ሲለማመጡ ዋሉ። ተሸነፍን።

ሁለተኛው ግጥሚያ በሜዳችን ነበር፤ የዋለው ግን ረቡዕ፣ በነቢያት ጾም። ተጫዋቾቼ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ አይቀምሱም። ጨዋታው ደግሞ በስምንት። እሸቴን «ትንሽ ዳቦ እንኳ» ብዬ ለመንኩት።

«የኔታ፣ ጉልበት የሚሰጠው እሱ ነው» አለኝ ወደ ላይ እያየ።

በሁለተኛው አጋማሽ ጉልበቱ ከድቶት ምሰሶውን አቅፎ ቆመ። ያንንም ተሸነፍን።

አቶ ሽፈራው ቢሮ አስጠሩኝ። «ሦስተኛውን ከተሸነፋችሁ ቡድኑ ይፈርሳል» አሉ። «ከበላይ እንዲህ ተብያለሁ።»

«ልጆቹስ?»

«ወደየቀበሌያቸው ይመለሳሉ።» ከዚያ በላይ ማብራራት አላስፈለጋቸውም። ለልጆቹ ነገርኳቸው። የጫማቸውን ማሰሪያ እያጠበቁ ነበር፤ ሁሉም፣ ደግመው ደጋግመው።

ሦስተኛው ግጥሚያ ከመርሐ ቤቴ ጋር የመልሱ ነበር። ያን ቀን ጉም መሐል ሜዳን ውጧት ዋለ። የጋሽ ዘነበ የጠጉር መረብ ውኃ ጠጥቶ ጠበበ። የመጀመሪያዋ ኳስ ገባችና እዚያው ተቀረቀረች። እንግዶቹ «አልገባም!» ብለው ጮኹ። ከደብረ ብርሃን የመጣው ዳኛ ሕግ ያውቃል። «ከላይ ገብቶ ውስጥ ከቀረ ግብ ነው» ብሎ ቆጠረልን። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ በኋላ ጋሽ ዘነበ ዱላቸውን ይዘው ቅርጫቱ ሥር ቆሙ። ኳስ በተቀረቀረች ቁጥር በዱላቸው ጫፍ ወጋ ያደርጓትና ትወድቃለች። «ሰውዬው ግብ ያዋልዳሉ» አለ አንዱ። እኔም ሳቅኩ። በዚያ የጨዋታ ዘመን ከልቤ የሳቅኩት ያኔ ብቻ ነው።

የእኛ ልጆች ጉሙንም መረቡንም ያውቁታል፤ እንግዶቹ በብርድ ጣታቸው አልታዘዝ አላቸው። እየመራን ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ኮታ የሚያስሞላው የአውራጃው ካድሬ አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ መጥቶ በሜዳው ጠርዝ ቆመ። የድምፅ ማጉያ ይዟል። ሰው ተሰብስቦ ማግኘቱ ሳይቀልለው አልቀረም። አቶ ሽፈራውን አየኋቸው፤ አንገታቸውን ነቀነቁልኝ፣ «አይዞህ» እንደማለት።

እሸቴ ተመልሳ የወጣችን ኳስ ለመያዝ ከአንድ የመርሐ ቤቴ ልጅ ጋር አብሮ ዘለለ። ሲወርድ ክርኑ የልጁን ደረት ነካ። ወዲያው ፊሽካ ተነፋ። እሸቴ ጀርባውን ለጠርዙ እንደሰጠ እጁን ቀጥ አድርጎ አወጣ።

ዳኛውን አየሁት። ፊሽካው ገና አፉ አልደረሰም። የነፋው ካድሬው ነበር።

ሁሉም ወደ እሱ ዞረ። ካድሬው ጨዋታውን አስቁሞ ሊናገር ማጉያውን አነሳ፤ ከሜዳው መሐል አንዲት እጅ ሽቅብ ቆማ አየ። ከዚያ «ለእናት ሀገር ጥሪ ፈቃደኛ ልጠይቅ ነበር የመጣሁት» አለ በማጉያው። «ገና ሳልጠይቅ እጁን ያወጣ ጀግና አገኘሁ!»

ጠባቂዎቹ አጨበጨቡ። ሕዝቡም አጨበጨበ። በዚያ ዘመን ጭብጨባ ሲጀመር እጁን ኪሱ የሚከት አልነበረም።

ሮጥኩ። «ጓድ፣ ይህ የጨዋታ ሕግ ነው። ጥፋት የሠራ ተጫዋች እጁን ያወጣል።»

«ጥፋት ሠርቷል ነው የምትለኝ?»

«አዎ፣ ጓድ።»

«በማን ላይ?»

የመርሐ ቤቴው ልጅ ደረቱን ይዞ ብቅ አለ። «በእኔ ላይ ነው፣ ጓድ። በክርኑ መትቶኛል። ፋውል ነው፣ እውነቱን ነው።» ማንም አላዘዘውም። እሱም ያው የቀበሌ ልጅ ነው፤ ነገሩ ገብቶታል።

ካድሬው ሁለቱንም አያቸው። እሱም ገብቶታል። ይህን እስከ ዛሬ አምናለሁ። «ሕዝብ አጨብጭቧል» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የተጨበጨበለት እጅ አይወርድም።»

ወደ አቶ ሽፈራው ዞርኩ። «ውድድር ላይ እስካሉ የሚነካቸው የለም ብለው ነበር።»

«በፈቃዱ ወጣ በተባለ ሰው ላይ ምን ሥልጣን አለኝ?» አሉ። ጫማቸውን ነበር የሚያዩት።

እሸቴ እጁን አላወረደም። ዳኛው ቁጥሩን እስኪናገርለት እየጠበቀ ነበር። አጠገቡ ሄጄ ክንዱን ይዤ አወረድኩለት። ያኔ ነው ፊቱ የተለወጠው።

«የኔታ፣ ዳኛው አይደለም እንዴ የነፋው?» አለኝ።

በማሊያና በቁምጣ እንዳለ ወደ መኪናው ወሰዱት። ጋሽ ዘነበ ዱላቸውን ጥለው፣ በርኖሳቸውን ከትከሻቸው አውልቀው፣ በጠባቂዎቹ መሐል እጃቸውን አሾልከው አለበሱት። መኪናው ጉሙ ውስጥ ገባ፤ ድምፁ ብቻ ለጥቂት ጊዜ ተሰማ።

ጋሽ ዘነበ በሸማ ብቻ ቀርተው ወደ እኔ መጡ።

«ጥፋቱ ምን ነበር?»

«ክርኑ ሰው ነካ፣ ጋሽ ዘነበ።»

«ተጎዳ ልጁ?»

«አልተጎዳም።»

«እሸቴ ራሱ ነው ያመነው?»

«ራሱ ነው።»

«ደግ አደረገ» አሉ። ከዚያ ቅርጫቱ ሥር ቁጭ አሉና ፊታቸውን በሸማቸው ሸፈኑ።

ዳኛው ጨዋታውን ማስጨረስ ነበረበት። ፋውሉንም ቆጠረ። የመርሐ ቤቴው ልጅ ሁለት ነጻ ውርወራ ተሰጠው፤ ሁለቱንም ሳተ። በብርዱ ይሁን ሆን ብሎ አልጠየቅኩትም። አሸነፍን። አቶ ሽፈራው «ቡድኑ ቀጥሏል» ብለው ለበላዮቻቸው አስታወቁ። እውነት ነው፤ የቀሩትን ልጆች በዚያ ዓመት የነካቸው አልነበረም። እኔ ግን ያን ድል እስከ ዛሬ ከድል አልቆጠርኩትም።

የእሸቴ ሰላምታ አንድ ጊዜ በሰው ደረሰን። ከዚያ በኋላ ወሬው ጠፋ። መንግሥት ተለውጦ ወታደር ሁሉ በእግሩ ወደየአገሩ ሲገባ ጋሽ ዘነበ አውቶቡስ መቆሚያው ላይ ይውሉ ነበር። የመጣውን ሁሉ በቁመቱ ነው የሚፈልጉት። አጭሩን ቀና ብለው አያዩትም።

ውድድር በመጣ ቁጥር መረቡን የሚያድሱልኝ እሳቸው ነበሩ። በኋላ ከአዲስ አበባ የናይሎን መረብ መጣልን። እንዳይደክሙ ብዬ ነገርኳቸው። ናይሎኑን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና መለሱልኝ።

«ይሄ ያሳልፋል» አሉ። «የእኔ ያቆያል።»

በአንደኛው ወገን ናይሎኑን ሰቀልኩ። በሌላው የእሳቸውን ተውኩት፤ ጡረታ እስክወጣ አላወረድኩትም። ዳኞች ሲያማርሩ ሕጉን አስታውሳቸዋለሁ፤ ገብቶ ውስጥ ከቀረ ግብ ነው።

ደንቡ ከጊዜ በኋላ ተለውጧል። ዛሬ ጥፋት የሠራ ተጫዋች እጁን እንዲያወጣ የሚያስገድደው የለም። ለወጣት አሰልጣኞች የምለው ይህን ነው። ተጫዋቾቻችሁ ፊሽካ ሲሰሙ መጀመሪያ ዞረው ማን እንደነፋው እንዲያዩ አስተምሯቸው። እጅ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።