ሰብለ የተረከችው ወረራ

ባለፈው ቅዳሜ ዌስተርቪል ያለው አባቴ ቤት ቤዝመንቱን ላጸዳ ወርጄ አንድ ካርቶን ስከፍት፣ ያ የድሮ የቪዲዮ ካሴት ሽታ፣ አቧራና አሮጌ ፕላስቲክ የተቀላቀለበት፣ አፍንጫዬን ሲመታኝ ሳላስበው ጥርሴን ነከስኩ። ሌላው ሰው የልጅነቱ ሽታ ሲመጣበት ፈገግ ይላል አሉ፤ እኔ እቴ! መጀመሪያ ትዝ ያለችኝ ሰብለ ናት፤ ሃምሳ ልደፍን ምንም ያህል ባይቀረኝም፣ ሰብለን ሳስብ ዛሬም ቅናት ያንገበግበኛል።

ያኔ የምንኖረው ከከተማው ምሥራቅ በኩል፣ ሁለት መኝታ ያለው አፓርትመንት ውስጥ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ አመሻሹ ላይ ቴሌቪዥኑ አንድ የቆየ የእንግሊዞች ተከታታይ ፊልም ያሳያል፤ ከሌላ ዓለም የመጡ፣ ቆዳቸው አረንጓዴ ጎማ የሆነ ፍጥረታት አንዲት የገጠር መንደር ያርፉና ምድር የኛ ናት ብለው ቁጭ ይላሉ። የአንዱ ጀርባ ላይ ዚፑ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ መርከባቸውም የእማዬን የፓስታ ማጥለያ ነው የሚመስለው፤ እኛ ግን ከፍርሃት ብዛት እግራችንን ሶፋው ላይ ሰብስበን ነበር የምናየው። ሆቴል ሲሠራ ውሎ የሚመጣው አባዬ የእንግሊዞቹ አነጋገር ጨርሶ ስለማይገባው ከጎኑ ያስቀምጠኝና "በይ አስተርጉሚ" ይለኛል። እኔ ከአገር ቤት በአራት ዓመቴ የመጣሁ ነኝና እንግሊዝኛው ውኃ ነበር፤ አማርኛዬ ግን ሽባ። "ሰውዬው ሄደ... መጥፎው ነገር መጣ..." እላለሁ፣ አባዬም በትዕግሥት ራሱን ይነቀንቃል።

ሰብለ የመጣችው ይሄኔ ነው። ከአክስቷ ጋር ገና ከአገር ቤት የገባች፣ ከበላያችን ፎቅ የምትኖር እኩያዬ፣ ከ"ሄሎ" ሌላ እንግሊዝኛ የማታውቅ፤ ቴሌቪዥን ስለሌላቸው ቅዳሜን እኛ ጋ ታሳልፋለች። አንድ ቀን ቃል ጠፍቶኝ ስንተባተብ፣ ዓይኗን በጨው ታጥባ "ጋሼ፣ እኔ ልንገርዎት" አለች። አንዲት ቃል እንኳ ሳይገባት! በእሷ አፍ የጎማዎቹ አለቃ ሳይጠራ ሠርግ ቤት ገብቶ "እግሬን እጠቡኝ" የሚል ደረቅ እንግዳ ሆነ፤ እጁን የሰጠው ወታደርም "ኧረ በእመቤቴ፣ የልጆች አባት ነኝ" እያለ ይለማመጣል። አባዬ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ቀኑን ሙሉ ለሰው ሻንጣ ጎንበስ ቀና ሲል የሚውል ሰው እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር።

"ውሸቷን ነው! እንደዚያ አላለም!" ብዬ ጮህኩ።

"ተይ እንስማበት" አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ወንበሬም፣ አባዬም የሰብለ ሆኑ። የመጨረሻው ክፍል የታየ ዕለት መጨረሻውን እስክትተርክ መታገሥ አቃተኝ፤ ተነሥቼ መኝታ ቤት ገባሁና በሩን ድርግም አድርጌ ትራስ ጆሮዬ ላይ ጫንኩ። የአባዬ ሳቅ ግን ግድግዳውን አልፎ ይሰማኝ ነበር።

እንግዲህ ካርቶኑ ውስጥ ያገኘሁትን፣ ያን ፊልም ከቴሌቪዥን የቀዳንበትን ካሴት ይዤ ወጣሁ። አባዬ አገላብጦ አየውና ፊቱ በራ፤ "የሰብለ ፊልም!" አለ። እኔ ልጁ፣ መድኃኒቱን የማመላልሰው፣ ቤዝመንቱን የማጸዳው፣ እዚያው ቆሜ።

"እንግሊዝኛ እንደማትችል ታውቅ ነበር አይደል?" አልኩት።

"አጣሁት እንዴ! ግን መጨረሻ ላይ ምን ብላ ነበር ያባረረቻቸው? ጠፋብኝ። እስቲ ንገሪኝ።"

ፊልሙ ላይ ያለውን መጨረሻ ነገርኩት፤ ማሽናቸው ተበላሽቶ ሄዱ። "እሱን አይደለም" አለኝ። ቢቸግረኝ ካናል ዊንቸስተር ለምትኖረው ለሰብለ ኮል አደረግኩላት። "የምን ፊልም? ሞት ይርሳኝ፣ ምኑም ትዝ አይለኝ! ጋሼን ሳሚልኝ" ብላ ሳቀችና ሥራ ላይ ነኝ ብላ ዘጋችው።

ያን ሁሉ ዓመት የቀናሁበት ነገር እሷ ዘንድ እንኳ የለም። መስማት የምችለው አንድ ጊዜ ነበር፤ እሱንም በሩን ዘጋሁበት።

አባዬ ካሴቱን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ይጠብቀኛል። ከጎኑ ተቀመጥኩ። አማርኛዬ ዛሬ ሽባ አይደለም፤ ጉሮሮዬን ጠረግኩና "አለቃው እግሩን ታጥቦ ሲያበቃ..." ብዬ ከራሴ ፈጥሬ ጀመርኩለት፤ ድምፄን እንደሷ ከፍ ዝቅ አደረግሁ፣ ወታደሩን አስለመንኩ፣ ሠርገኛውን አስነሣሁ።

አባዬ እስከ መጨረሻው ሰማኝና፣ እንደ ያኔው በትዕግሥት ራሱን ነቀነቀ።