ዕንባቆምና የተቃጠለው ዘይት

ዕንባቆም ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ባለው ነዳጅ ማደያ፣ ግራሶ ጉድጓድ ውስጥ ከመኪና ሥር ቆሞ ዘይት ሲቀይር ያረጀ ሰው ነው። ጉልበቱ አልቋል። ደረጃውን ሲወጣ «ኢየሱስ!» ይላል፤ ሲወርድም «ኢየሱስ!» ይላል። አማቱ ወይዘሮ አሰገደች ደግሞ ሞርሲቶ ከተማ ተቀምጠው፣ ልጃቸውን ለጉድጓድ ሰው መዳራቸውን ለሰማም ላልሰማም ያወራሉ። ታዲያ ምኞቱ አንድ ብቻ ነው፤ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ቢሮ ገብቶ፣ ወንበር ላይ መቀመጥ።

ወንበሩ ዘንድሮ መጣ። ነዳጅም ማዳበሪያም ኬሚካልም የሚሸጠው ትልቁ ካምፓኒ «ዘላቂነት» የሚሉትን ነገር አምጥቶ፣ የተቃጠለ ዘይት ጠብታው መሬት እንዳይነካ፣ ሁሉም በበርሜል ተጠራቅሞ አዲስ አበባ እንዲላክ አዘዘ። በርሜሉን ሞልቶ ያስረከበ የክፍሉ ኃላፊ ሆኖ ቢሮ ይገባል ተባለ። ዕንባቆም ያን ሌሊት በደስታ እንቅልፍ አልወሰደውም።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? እዚህ አገር ቤት የሚሠራ ሰው፣ ምስጥ እንዳይበላበት ቋሚውን የተቃጠለ ዘይት ሳይቀባ አይተክልም። ዘይቱ ያለው ዕንባቆም ጋ፤ ዕንባቆም ደግሞ ይሉኝታ የሚባል በሽታ አለበት። የዕድሩ ዳኛ ጀሪካን ይዘው መጡ። እንዴት እምቢ ይበል? ነገ ሲሞት ማን ይቀብረዋል? የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ መጡ። እሳቸውንስ? የአማቱ አጥርማ አይነሳ! «ለማንም እንዳትናገሩ» እያለ ሲቀዳ ሰነበተ። ኤደን የምትባል የካምፓኒው ኃላፊ በርሜሉን ልትረከብ ነገ ትመጣለች በተባለ ዕለት ቢያንኳኳው፣ ባዶ!

ምን ያድርግ? ውሃ ሞላበትና ጉድጓዱ ውስጥ የቀረችውን ጥቂት ዘይት ከላይ ደፋበት።

ኤደን መጥታ ክዳኑን ከፈተች። ጥቁር ዘይት እስከ አፉ!

«ጎበዝ አቶ ዕንባቆም! ከቅርንጫፎቹ ሁሉ አንደኛ ነዎት» አለችው።

ፈገግ ሊል ሲል ሾፌሯ የበርሜሉን የሥር ቧንቧ ከፈተው። የወጣው ፊት የሚታጠቡበት ውሃ ነው።

ጉድ ፈላ! ዕንባቆም ሁሉንም ዘረገፈላት፤ ዳኛውን፣ ሽማግሌውን፣ አጥሩን። ኤደን ልትቆጣ ብላ ሳቋ አመለጣት።

«የውሃውን ነገር እተውልዎታለሁ» አለችው። «እኛ የምንፈልገው እምቢ ማለት የሚችል ሰው ነው። ከዛሬ ጀምሮ ለማንም አልሰጥም ይበሉኝ፣ ወንበሩ የእርስዎ ነው።»

«አልሰጥም! ለማንም! አባቴ ከመቃብር ቢነሳ አልሰጥም!» አለ ዕንባቆም።

አፉን ሳይዘጋ ወይዘሮ አሰገደች ጀሪካን አንጠልጥለው ከች አሉ።

«ዕንባቆም፣ የጓሮው አጥር ቀርቷል» አሉ፣ ሰላም እንኳ ሳይሉት።

ዕንባቆም ኤደንን አየ፣ አማቱን አየ። ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ከዚያ «ያምጡት እማማ» አለና ጀሪካኑን ይዞ ጠዋት ከአይሱዙ ያወረደውን ዘይት ሊቀዳ ወደ ጉድጓዱ ወረደ። ሲወጣ ኤደን መኪናዋን አስነስታ ሄዳለች።

«ይቺ ልጅ ማን ናት?» አሉ ወይዘሮ አሰገደች።

«የቢሮ ወንበር ልትሰጠኝ የመጣች ናት።»

«ታዲያ ሰጠችህ?»

«አልሰጠችኝም፣ እማማ።»

ወይዘሮ አሰገደች ከንፈራቸውን መጠጡለት። ከዚያ ጀሪካኑን ከፍ አድርገው ወዘወዙት።

«ምነው፣ አልሞላኸውም እኮ!»